አንድ ሰዓት ከሩብ የሚያተርፍ ሳይክል

ሆስፒታሉ ምድር ቤት ውስጥ የተቀደደ አንሶላ መጠገን ከጀመረች አሥራ ስድስት ዓመት አልፏታል። ወንድሟ ቤት የገባችውም ያኔ ነው። «እማዬ እስኪሻላት አንድ ወር ብቻ ነይልኝ» ብሏት ነበር። እናትየው ከአልጋ ሳትነሳ፣ እሷም ከዚያ ቤት ሳትወጣ ቀሩ።

ከስፌት ማሽኑ ወደ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ ወደ እናቷ አልጋ፤ ኑሮዋ ይኸው ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥታ ቤት የምትደርሰው አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ያውም ሁለት አውቶቡስ ቀይራ፣ ቆማ፣ የሰው ክርን ጎኗን እየወጋት። አንድ ቀን ሁለተኛው አውቶቡስ ጥሏት ሄደና በእግሯ ስታዘግም አንድ ሳይክል ጠጋኝ ደጃፍ ላይ ቆመች።

«አባባ፣ ስፌት ላይ አጎንብሳ እየዋለች ወገቧን የሚያማት ሴት ሳይክል መንዳት ትችላለች?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። «ሴትየዋ አንቺ ነሽ?»

«አይ... አዎ።»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለ፣ መሪው ወደ ታች የታጠፈ የውድድር ሳይክል አሳየቻቸው። ዓይኗ ገብቶ ነበር።

«ቆንጆ ነው። ግን አጎንብሰሽ ነው የምትነጂው» አሉ ጠጋኙ። «ቀኑን ሙሉ ስታጎነብሺ አልዋልሽም እንዴ?»

ለእሷ የሚሆነውን ከሦስት አሮጌ ሳይክሎች አንድ አድርገው ሠሩላት። ቀሚሷን ሳትሰበስብ እንድትወጣ መሃሉ ዝቅ ያለ ብረት መረጡ። የእግሯን ርዝመት በልብስ መለኪያዋ ለኩ፤ ቀጥ ብላ እንድትቀመጥ መሪውን ከፍ አደረጉት። ከሥሩ የብረት ሞላ ላለው ሰፊ ኮርቻ ልባሱን ራሷ ሰፋች። ካቴናው ልብሷን እንዳይነክስ ቆርቆሮ አለበሱት። በልጅነቷ ስለነዳች መልመጃው ሁለት የምሳ ሰዓት ብቻ ፈጀ።

በመጀመሪያው ቀን ቤቷ አጠገብ ስትደርስ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ነበር። መታጠፊያው ላይ ቆመች። ከዚያ አልፋ ሄዳ ኳስ ሜዳው ዳር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች። ምንም አላደረገችም። ማንም አልጠራትም። ልክ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ገባች።

«ሳይክሉ ከአውቶቡሱ አይፈጥንም እንዴ?» አለ ወንድሟ።

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፣ ጋሼ።»

አንድ ወር እንዲህ ኖረች። ከዚያ ወንድሟ በሜዳው በኩል ሲያልፍ ድንገት ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«አረፍ ብዬ ነው።»

«እቤት አይታረፍም?» ሰዓቱን አየ። ቢቆጣ ይሻላት ነበር፤ እሱ ግን ፊቱ በራ። «ለካ በዚህ ሰዓት ትደርሻለሽ! ተባረኪ እህቴ! እማዬን በማገላበጥ የሚስቴ ወገብ ሊቆረጥ ነው። ከነገ ጀምሮ አንቺ ታሳርፊያታለሽ።»

ከማግስቱ ጀምሮ አግዳሚው ያለ እሷ ቀረ። ሦስት ሳምንት ቻለች። ከዚያ አንድ ቀን ሆስፒታሉ በር ላይ ጎንበስ ብላ የኋላውን ጎማ ነፋስ አስወጣችና ሳይክሉን እየገፋች በእግሯ፣ እንደ ድሮው አንድ ሰዓት ላይ ቤት ገባች። በሳምንቱ ደገመችው። በሦስተኛው ጊዜ ወንድሟ ተናደደ።

«ይኼ ሽማግሌ ተጫውቶብሻል! ነይ፣ እንሂድ!»

ጠጋኙ የውስጡን ጎማ ውሃ ውስጥ ነክረው ዙሪያውን አዩት። አንድም አረፋ አልወጣም። ዓይናቸውን ወደ እሷ አነሱ፤ እሷ መሬት መሬቱን ታያለች።

«አርጅቷል» አሉ በመጨረሻ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«በሉ ይኼን ይግጠሙልኝ» አለ ወንድሟ፣ ከከረጢቱ ሁለት ጎማ እያወጣ። «ድፍን ነው። ዕድሜ ልኩን አይተነፍስም። ለእሷ ብዬ ስንት ቦታ ዞሬበታለሁ!»

«ድፍን ከሆነ መንገዱን እንዳለ ወገቧ ላይ ነው የሚያመጣው።»

«ትለምደዋለች።»

ሽማግሌው ጎማውን ይዘው እሷን ጠበቁ። አንድ ቃል ብትናገር መልሰው ያስታቅፉት ነበር። ወንድሟን አየችው፤ ደስ ብሎት ይስቃል።

«ይግጠሙት፣ አባባ» አለች።

ሰኞ ማታ እያንዳንዱ ጠጠር እስከ ጀርባዋ ድረስ ተሰማት። አሥራ አንድ ከአርባ አምስት ላይ ወንድሟ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ይጠብቃት ነበር። «አላልኩሽም?» አላት። እናቷ ከውስጥ ተጣራች። «መጣሁ፣ እማዬ» አለችና ሳይክሉን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ገባች።