ዳንግላ ላይ ሐይቁ ሲዘፍን

በጥር፣ የጥምቀት ታቦታት ወደ መንበራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ተነሳሁ። እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ለጣሪያው ቆርቆሮ መግዣ ተረት በዘፈን ሊያሳይ ነው የሚል ወሬ ደርሶኝ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ካለ የእኔ እግር አያርፍም። ልጆቼ «እናታችን ዘፈን ካለበት ሰማይም ቢሆን መሰላል አቁማ ትወጣለች» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ሟቹ ባለቤቴ መሪጌታ ነበር፤ እሱ ልጆች ሲያስቆጥር እኔ አጠገቡ ጥጥ እየፈተልኩ ፊደሉን በጆሮዬ ለቀምኩት። አጻጻፌ ቢንሻፈፍ ይቅር በሉኝ።

ተረት በዘፈን ሲታይ ከዚህ በፊት ደብረ ማርቆስም ቡሬም አይቻለሁ። ቡሬ ላይ የጅብና የአህያ ተረት ነበር። እሳት ዳር ሲነገር ጅቡ ጅብ ነው፤ ይበላል፣ ያበቃል። መድረክ ላይ ግን ከበሮው ቀዝቀዝ ሲልለት ጅቡ ብቻውን ወጣና ስለ ረሃቡ ዘፈነ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጅብ ሲጮህ ስሰማ የሚመጣብኝ ያ ዜማ ነው። ማን እንደሚበላ፣ ማን እንደሚተርፍ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። እንዲያም ሆኖ ዘፈኑ ሲጀመር ትንፋሻችንን እንይዛለን። ይህ ለምን እንደሚሆን ያስረዳኝ ሰው እስካሁን የለም።

አለሚቱን ይዤ

በዚህ ጉዞ ብቻዬን አልሄድኩም። የሟች ወንድሜን ልጅ አለሚቱን ይዤ ነው የሄድኩት። አለሚቱ የምትኖረው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው። ባለፈው ሰኔ ትልቋ ልጇ፣ የውብዳር የምትባለው፣ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ቀረች። እንስራዋ ዳር ላይ ተገኘ፤ እሷ አልተገኘችም። ዘንገናን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ወለሉን የነካ ሰው የለም ይባላል።

በእኛ አገር አስከሬኑ ላልተገኘ ሰው እርም ይወጣል። ዘመድ ይሰበሰባል፣ የሟቹ ልብስ ይዘረጋል፣ ቀብር እንዳለ ሁሉ ይለቀሳል። ከዚያ ተዝካሩ ይወጣል፤ የቀሩትም ወደ ኑሯቸው ይመለሳሉ። እርሙ ካልወጣ ግን ሟቹም አይሞት፣ ቋሚውም አይኖር።

አለሚቱ እርም አላወጣም አለች። ነገሩ ከተረቱ የመጣ ነው። ሐይቅ ዳር ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ተረት አለ፤ ሐይቁ አንዲት ልጃገረድ ለሙሽርነት ይወስዳል፣ እናትየው በየቀኑ ውኃው ዳር እየተቀመጠች ትጠራታለች፣ በመጨረሻ ሐይቁ ታክቶት ልጅቷን ይመልሳል። በተረቱ ውስጥ እናትየው አላለቀሰችም። ብታለቅስ ልጅቷ ትቀር ነበር ይባላል። አለሚቱም ከሰኔ ጀምሮ ጠዋት ወርዳ ማታ ትወጣለች። እንባ የሚባል ከዓይኗ አልወጣም።

ልወስዳት በሄድኩ ቀን ባሏ አየነው ከበረቱ ጀርባ ጠራኝ።

«እማማ፣ ለጥር መጨረሻ ዘመድ ጠርቻለሁ» አለኝ። «እናት ያላለቀሰችበት ለቅሶ ምን ለቅሶ ይባላል? ይውሰዱልኝና ከውኃው ትንሽ ያርቁልኝ። እኔ ብናገር አትሰማኝም።»

«እኔንስ ትሰማኛለች ያለህ ማን ነው?»

«ሌላ ነገር ባትሰማም ዘፈን አለ ካሏት ትመጣለች። የእርስዎ ዘር አይደለች?»

እውነትም መጣች። መጀመሪያ ግን ታናሽ ልጇን ወደ ውኃው ዳር ሰደደቻት። «እኔ እስክመለስ ጥሪያት፤ ስትወጣ ሰው ሊኖር ይገባል» አለቻት። ልጅቷ ጋቢ ተከናንባ፣ ጥርሷ በብርድ እየተንገጫገጨ ቁልቁል ስትወርድ አየሁ። ለአየነው በምልክት ነገርኩት፤ እኛ ዞር እንዳልን መልሶ አምጥቷታል።

መንገድ

ከእንጅባራ ድንች የጫነ መኪና አገኘን። ሾፌሩ ለአንድ ሰው ሃምሳ ሳንቲም አስከፈለንና የድንቹ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ቀርከሃው ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ቅዝቃዜው ከታች ድንቹ፣ ከላይ ነፋሱ ሆነና እግሬን አጣሁት። አለሚቱ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ፣ የመጣንበትን መንገድ እያየች ነበር የምትሄደው።

አዲስ ቅዳም ስንደርስ የገበያ ቀን ስለነበር መኪናው ቆመ። የገብስ ቂጣና በርበሬ የተነሰነሰበት ቅቅል ድንች ገዛሁ። አለሚቱ ግማሹን በልታ ግማሹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ረዳቱ ወጣት ነው፤ አፉ አያርፍም። «እማማ፣ ወዴት ነው?» አለኝ።

«ዘፈን ላይ።»

«በዚህ ዕድሜዎ?»

«ለቅሶማ በየሳምንቱ እሄድ የለ? አንድ ቀን ለዘፈን ብወጣ ምን ጎደለብህ?»

ሰዉ ሳቀ። አለሚቱ ግን አልሳቀችም።

ዳንግላ

ከመኪናው ወርደን እዚያ ወደሚኖረው ልጄ ቤት በጋሪ ሄድን። ባለጋሪው ሰይድ ይባላል፤ ፈረሱን «ወንድሜ» እያለ የሚያናግር ደግ ሰው ነው። ስለ ዘፈኑ ጠየቅሁት።

«ኧረ ከተማው በሙሉ የሚያወራው እሱን ነው» አለ። «ፈረሴ ራሱ ዜማውን ለምዶታል። ሐይቁ ሙሽራ የሚወስድበት ተረት ነው።»

ምን ተረት እንደሆነ ሳልጠይቅ ነበር ያመጣኋት። ነገር ለማስቀየር ብዬ «ሐይቁን ደግሞ ማን ይሆነዋል?» አልኩት።

«ዐሥራ ሁለት ጎረምሶችና አንድ ጣቃ አቡጀዲ።»

ያን ጊዜ አለሚቱ ከጠዋት ጀምሮ ዘግታው የነበረውን አፏን ከፈተች። «ልጅቷ ትወጣለች?»

«ታዲያስ እትዬ! ካልወጣችማ ስሙኒያችንን እናስመልሳለን» አለ ሰይድ፤ ጅራፉን አነሳ። ምን እንደተናገረ አያውቅም።

አለሚቱ ወደ እኔ ዞረች። «አክስቴ፣ ስትወጣ ማየት አለብኝ። እንዴት እንደምትጠራት ማየት አለብኝ። ምናልባት አጠራሩን ስቼው ይሆናል።»

በማግስቱ ጠዋት ልጄ ቤት ትቻት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ተረቱን ወደ ዘፈን ያመጣው መምህር የደብረ ማርቆስ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ በጠመኔ የነጣ ኮት የለበሰ። ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። የአለሚቱን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ እማማ?» አለኝ።

«ልጅቷን አታውጣት።»

ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ለዛሬ ብቻ» አልኩት። «ውኃው ውስጥ ትቅር። እናትየዋም ታልቅስ። የእኔዋም አብራ ታለቅሳለች። እኔ እንዲህ ያለ ነገር የምወድ ሰው ነኝ፤ ተረት እንዲበላሽ የምጠይቅ አይደለሁም። ቸግሮኝ ነው።»

«ሰዉኮ ያውቀዋል፤ ልጅቷ እንደምትወጣ አውቆ ነው የሚመጣው። ባትወጣ መድረኩን ያፈርሱብኛል።» ቀጠለና፣ «ደግሞስ ከሰው ሁሉ ለአንዲት ሴት ብዬ ስቀይረው፣ ሌላዋ እናት ምን ትላለች? በዚህ አዳራሽ ልጅ የሞተባት እሷ ብቻ ናት ብለው ነው?» አለኝ።

ልሄድ ተነሳሁ። ከበሩ ሳልወጣ ግን ከኋላዬ «ለለቅሶው ጊዜ እሰጠዋለሁ» አለ። «ከተለመደው ረዘም አደርገዋለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም።»

አዳራሹ

ከሰዓት በኋላ ስሙኒያችንን ከፍለን ገባን። ሰዉ እስከ መስኮቱ ሞልቷል፤ ነጋዴው፣ ዳኛው፣ ከገጠር የመጡ ሴቶች በአገውኛ እያወሩ፣ ሁሉም ተጠጋግቶ ተቀምጧል።

አቡጀዲው ሰማያዊ ቀለም ተነክሮ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ጎረምሶቹ ጫፍ ጫፉን ይዘው ሲያንቀጠቅጡት፣ እመኑኝ፣ ውኃ ነበር። ልጃገረዷ እንስራዋን ይዛ ስትመጣ ዋሽንቱ ጀመረ። ከዚያ ከጨርቁ ስር፣ በወፍራም ድምፅ፣ ሐይቁ ዘፈነ።

ዙሪያዬ ሣር ነው፣ መሐሌ ጨለማ፣
የሚጠጋኝ የለም፣ ድምፄን የሚሰማ።

እንደ ቡሬው ጅብ ነው የሆነብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ተረት ስሰማ ሐይቁ ብቸኛ ነው ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ልጅቷን ሲወስዳት ራሱ ጠላሁትም፣ አዘንኩለትም። ይህን የሚያደርገው ዘፈን ብቻ ነው።

እናትየዋን የሆነችው ተማሪ ወጥታ መጣራት ጀመረች። ቃሉ ሁሉ በአማርኛ ነበር፤ እዚህ ሲደርስ ግን ወደ አገውኛ ዞረች። መምህሩ ኋላ እንደነገረኝ «በአማርኛ ማልቀስ አይመጣልኝም» ብላው ትቶላታል። እንደ ቃሉም ለለቅሶው ጊዜ ሰጠው፤ በተረቱ የማታለቅሰው እናት እዚህ አለቀሰች፤ ሰልፍ የሠሩ ልጆችም ደረት እየመቱ አጀቧት።

ያን ጊዜ የሆነውን እንዴት ብዬ ልጻፈው? በእኛ አገር ሙሾ ከተሰማ ቁጭ ብሎ ማየት ነውር ነው። ሟቹን አወቅሽው አላወቅሽው፣ ትነሻለሽ። ከገጠር የመጡት ሴቶች ተነሱ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፣ ወደ መድረኩ ቀረቡ፣ እያንዳንዳቸውም የራሳቸውን ሟች በስም መጥራት ጀመሩ። ወንዶቹም ተነሱ። ዳኛው ባርኔጣውን አወለቀ። መድረክ ላይ ያሉት ልጆች ደነገጡ፤ አንዱ ከበሮውን ተወው። አዳራሹ ለቅሶ ቤት ሆነ።

አለሚቱ ብቻ ተቀምጣለች። ዓይኗ ጨርቁ ላይ ነው። እጄን ትከሻዋ ላይ ሳደርግ «ዝም በሉ አክስቴ፣ አሁን ትወጣለች» አለችኝ።

ወጣች። ውኃ አፍስሰውባት፣ ፀጉሯ እየተንጠባጠበ፣ ከአቡጀዲው መሐል ብድግ አለች። ያለቅስ የነበረው ሰው እልል አለ። አለሚቱ ሰዉን በክርኗ እየገፋች ሄደች፤ ልይዛት ብል አልደረስኩባትም። መድረኩ ላይ ወጥታ ልጅቷን በሁለት እጇ ያዘቻት። ፀጉሯን ዳሰሰች። ጉንጯን ዳሰሰች። ከዚያ እጆቿን ይዛ ቆመች።

«እጅሽ ይሞቃል» አለቻት።

ልጅቷ ፈራች። «አዎ እትዬ።»

«ዘንገና ውስጥ እጄን ነክሬ አውቃለሁ፤ አጥንት ይሰብራል።» ቀስ ብላ ለቀቀቻት። «አንቺ ውኃ አልገባሽም።»

«አልገባሁም እትዬ። ጨርቅ ነው» አለች ልጅቷ፣ ማልቀስ እየጀመረች።

«ጨርቅ ነው» አለች አለሚቱ። «አውቃለሁ።» እዚያው መድረኩ ላይ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አዘቀዘቀችው። ተቀመጠች። ከሰኔ ጀምሮ የተጠራቀመው ሁሉ ወጣ። ሴቶቹ መጥተው ከበቧት። ዘፈኑ በዚያው ቀረ፤ ስሙኒዬን መልሱ ያለ ሰው ግን አላየሁም።

መመለሻ

ስንመለስ መኪናው ባዶ ጆንያ ጭኖ ነበር። አለሚቱ ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ ተቀመጠች። አዲስ ቅዳም ስንደርስ ብቻ «አክስቴ፣ ስንት ወር ሆነ?» አለችኝ። ነገርኳት። «ይህን ሁሉ ጊዜ እዚያ ውኃ ውስጥ፣ ብርድ ላይ ነበረች በሉኛ» አለች።

በጥር መጨረሻ እርሙ ወጣ። አየነው ሁለት ፍየል አረደ፤ ዘመዱ ከግምጃ ቤትም ከጫግኒም መጣ። የየውብዳር ቀሚስ ተዘረጋ። አልቃሽ ተጠርታ ነበር፤ አለሚቱ ግን ቀደመቻት።

እኔስ መስሎኝ ነበር ሄደሽ የዘገየሽ፣
ለካ ውኃ ኖሯል ከእናት የለየሽ።

ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ተዘጋ።

ከጉዞው ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ተረትን በዘፈን ማየት ዛሬም እወዳለሁ፤ ነገ ቡሬ ላይ አለ ቢባል እነሳለሁ። ግን የተረት መጨረሻ ውኃ ዳር ላልተቀመጠ ሰው የተሠራ መሆኑን አሁን አወቅሁ። መምህሩ መጨረሻውን አለመቀየሩ ትክክል ነበር። እኔም መለመኔ ትክክል ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት እንደሚሆኑ አላውቅም።

በሠልስቱ ማታ ልጆች ዙሪያዬን ከበው የዳንግላውን ንገሪን አሉኝ። ነገርኳቸው፤ የሐይቁንም ዜማ እንደምችለው አዜምኩላቸው። ሐይቁ ልጅቷን የሚመልስበት ስደርስ ግን አለሚቱን አየሁና ዜማውን አቋረጥኩት። ምጣድ ላይ ገብስ እየቆላች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ጨርሱላቸው እንጂ አክስቴ» አለችኝ። «ልጆች ናቸው።»

ጨረስኩት። ልጅቷን ከውኃው እስካወጣት ድረስ አለሚቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆየች። ገብሱ ማረር ጀምሮ ነበር፤ ያማሰለላት ታናሽ ልጇ ናት።