«ፔርኬ» ሲባል የሚመልሰው ግድግዳ

ልጅ እያለሁ የተማርኩበት ቤት ግድግዳው ይናገር ነበር። ይህን ሳወራ ልጆቼ ይስቃሉ፤ እርጅና የፈጠረው ይመስላቸዋል። አብረውኝ የተማሩት ዛሬ በሕይወት ቢኖሩ ግን አይስቁም ነበር። እነሱም ሰምተዋል።

ቤቱ ከቁስቋም ወረድ ብሎ፣ ወይራ ከከበበው ግቢ ውስጥ የቆመ የድንጋይ ቤት ነው። ባለቤቱ እስከ መተማ ወርዶ የሚነግድ ሀብታም ነበር አሉ። ጣሊያን ጎንደር ሲገባ ወታደሮች መጥተው ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። አንድያ ልጁ ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣ፣ የፈረንጅ ቋንቋ የሚያውቅ ወጣት ነበር። ያን ጊዜ የተማረ ሰው እየተለቀመ ይገደል ስለነበር እሱም ድንገት ጠፋ። ገሚሱ ሸፍቶ ቆላ ወርዷል ይላል፤ ገሚሱ ሞቷል ይላል። ጣሊያኖች ቤቱን ወርሰው ለአገሬው ልጆች ትምህርት ቤት አደረጉት። የነጋዴው ሚስት እመት ትርንጎ በገዛ ግቢያቸው ጥግ አንዲት ጎጆ ውስጥ ገብተው፣ የገዛ ቤታቸውን ለጣሊያን እየጠረጉ ይኖሩ ነበር።

አባቴ የቁስቋም ቄስ ነው። ከየቤቱ አንድ ልጅ ለትምህርት ቤቱ ይሰጥ የሚል ትእዛዝ በመጣ ጊዜ፣ ወንድሜን ለዜማው ስለሚፈልገው እኔን ሰጠ። እኔም በዚያ ምክንያት ከደብሩ ካህናት ልጆች ውስጥ የጣሊያንኛ ፊደል የቆጠርኩ የመጀመሪያዋ ሴት ሆንኩ።

ክፍሉ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ነጋዴው ሸቀጡን ያከማችበት የነበረ ሰፊ ቤት ስለሆነ ሰምና ቆዳ ይሸታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ የእርጥብ ጋቢና የጠመኔ ሽታ ይጨመርበታል። ከሰሌዳው በስተግራ ያለው ግድግዳ ከሌሎቹ ይለያል። ምርጊቱ አዲስ ነበር፤ ቀለሙም ፈዘዝ ያለ። በእረፍት ሰዓት ድብብቆሽ ስንጫወት ማንም ልጅ በዚያ ግድግዳ ጀርባ፣ የማገዶ ክምር ባለበት በኩል አይደበቅም። ማን እንደከለከለን አላስታውስም። እመት ትርንጎ በየቀኑ የተከደነ ሳህን ይዘው ወደዚያ ሲዞሩ፣ እያጉረመረሙም ሲመለሱ ስለምናይ፣ የቤቱን ቆሌ ይቀልባሉ እንባባል ነበር።

መምህራችን በርሄ ይባላሉ። ከአሥመራ ከጣሊያኖቹ ጋር በአስተርጓሚነት የመጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ አይተናቸው የማናውቅ ሰው ነበሩ። የጣሊያን ሰው ስለሆኑ እንፈራቸዋለን። ትምህርቱ ንባብ ነው። አጭር ታሪክ በሰሌዳው ላይ ይጽፉና እየተቀባበልን እንድናነብ ያደርጉናል። ከዚያ ይጠይቃሉ። «ኪ» ሲሉ ማን፣ «ዶቬ» ሲሉ የት ማለታቸው ነው። ይኼ ቀላል ነበር፤ መልሱ ሰሌዳው ላይ ስላለ ቃሉን አንስቶ መስጠት ነው። «ፔርኬ» ሲሉ ግን ሁላችንም አንገታችንን እንደፋለን። ለምን ማለት ነው። ምክንያቱ ሰሌዳው ላይ አይገኝም።

የመጀመሪያው ቀን ታሪኩ ስለ አንድ ውሻ ነበር። ጌቶቹ ወደ ሌላ ቤት ሄደዋል፤ ውሻው ግን በየማታው ወደ አሮጌው ቤት ይመለሳል። መምህር በርሄ «ፔርኬ?» አሉ። ዝም አልን። አሁንም ጠየቁ፤ አሁንም ዝም አልን። ያኔ ከዚያ ፈዛዛ ግድግዳ በኩል፣ ከጋን ውስጥ የሚወጣ የሚመስል ቀስ ያለ የወንድ ድምፅ በጣሊያንኛ መለሰ።

ሁላችንም ወደ አያሌው ዞርን። ግድግዳው ሥር የሚቀመጠው እሱ ነበር። አፉ ተከፍቷል፤ ግን የሚናገረው እሱ አይደለም። ዓይኑ ብቻ ይንከራተት ነበር። መምህር በርሄ ጠመኔውን እንደያዙ ለትንሽ ጊዜ ደርቀው ቆሙ። ከዚያ ማንንም ሳያዩ «ልክ ነው» አሉና መልሱን ሰሌዳው ላይ ጻፉት።

ከዚያ በኋላ እየደጋገመ መጣ። ማን ወይም የት ሲባል መልሶ አያውቅም። ለምን ሲባልና እኛ ዝም ስንል ብቻ ነው። አያሌው ጀርባውን ከግድግዳው አርቆ፣ ወደ ፊት ጎብጦ መቀመጥ ጀመረ። እኔ ለአባቴ ነገርኩት። ጠበል ይረጨኛል፣ ይጸልይልኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ከትምህርት ቤት የሰማሁትን እዚያው ትቼው እንድመጣ፣ ለእናቴም ቢሆን እንዳልነግራት አስጠነቀቀኝ። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ከግድግዳው ይልቅ አስፈራኝ።

አንድ ቀን መምህር በርሄ ከመንግሥት ቤት ፈታኝ እንደሚመጣ ነገሩን። ፈታኙ የራሱን ታሪክ ይዞ ይመጣል፤ አንብቡ ብሎ ይጠይቃል። እኛ የማናውቀው ታሪክ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህሩ ሌላ ሰው ሆኑ። እስከ ዛሬ የማልረሳውን የንባብ ዘዴ ያስተማሩን ያን ጊዜ ነው። የማታውቁት ቃል ሲገጥማችሁ አትቁሙ፣ ጎረቤቶቹን ጠይቁ ይሉናል፤ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ቃላት ማለታቸው ነው። ምክንያቱ ካልተጻፈ ከሰውየው ሆድ ውስጥ ፈልጉት ይሉናል። አንተ እሱን ብትሆን ምን ይሰማሃል፣ እያሉ አንድ በአንድ ያስነሱናል። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር አዘዙን፦ በፈተናው ቀን ዝምታ እንዳይኖር። የሚያውቅ ልጅ ከጠፋ የማያውቅ ይነሳና የተሳሳተ መልስ ይስጥ።

«የተሳሳተ መልስ አያስቆጣኝም» አሉን። «ዝምታ ግን አልፈልግም። ገባችሁ?»

የገባን መስሎን ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሽንቴ ይዞኝ ከክፍል ወጣሁ። ሌላው ቦታ ወታደሮች ስለቆሙበት ሳላስበው ወደ ቤቱ ጀርባ ዞርኩ። እመት ትርንጎ ከማገዶው ክምር ሥር ተንበርክከው፣ አፋቸውን ከግድግዳው አስጠግተው ያወሩ ነበር። ከድንጋዩ መሀል የጭስ መውጫ የምታክል ቀዳዳ አየሁ። ዝም እንዲል እየለመኑት ነበር። ከውስጥም ያ ድምፅ፣ በጣሊያንኛ ሳይሆን እንደ እኛ በጎንደር አማርኛ፣ «እማ፣ ሳላውቀው እኮ ነው ከአፌ የሚወጣ» ሲል ሰማሁ።

እመት ትርንጎ ዞረው አዩኝ። ይመቱኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቀስ ብለው ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉና መጥተው በሁለት እጃቸው ፊቴን ያዙት። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር።

«ሸጋ አርገሽ አጥኚ፣ ልጄ» አሉኝ። «እናንተ ዝም ካላችሁ እሱ ዝም አይልም።»

እመት ትርንጎ ልጃቸውን ለጥቂት ቀን ብለው ከፈዛዛው ግድግዳ ኋላ ባለችው ጓዳ ውስጥ ዘግተውበት፣ በሩን በድንጋይና በጭቃ ደፍነውት ኖሯል። ቀኑ ሳያልፍ ጣሊያን ቤቱን ወረሰ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው። ያን ጊዜ የገባኝ ቆሌ አለመሆኑ ብቻ ነበር፤ ይህ ደግሞ ፍርሃቴን አላቀለለውም። ለማንም አልተናገርኩም። ግን አያሌውም በእረፍት ሰዓት ከእኛ ተለይቶ ማጥናት መጀመሩን አየሁ፤ ሌሎቹም እንደዚያው። ማን ምን እንደሚያውቅ አንጠያየቅም። በጨዋታ መሀል ሳይቀር አንዱ «ፔርኬ?» ይላል፤ ሌላው ቶሎ ብሎ ይመልሳል።

ፈታኙ ጠጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ገና ወጣት የሆነ ጣሊያን ነበር። ሁለት ወታደሮች በሩ ላይ ቆሙለት። እመት ትርንጎ ጠርገው ጨርሰው መውጣት ሲገባቸው መጥረጊያቸውን ይዘው ከበሩ ጥግ ቀሩ። ፈታኙ ታሪኩን ሰሌዳው ላይ ጻፈ። በባሕር ጠረፍ ባለ መንደር የምትኖር አንዲት ሴት ናት። ልጇ በመርከብ ሄዷል። ዝናብ ቢዘንብም፣ ነፋስ ቢነፍስም ማታ ማታ በሯን አትዘጋም። ጎረቤቶቿ ይስቁባታል። ታሪኩ ይኸው ነበር።

አነበብን። ማን ናት አለ፤ ተመለሰ። የት ትኖራለች አለ፤ ተመለሰ። ከዚያ ወደ መስኮቱ እያየ፣ እንደ ዋዛ፣ በሯን የማትዘጋው «ፔርኬ?» አለ።

ማንም አልተነሳም። የተሳሳተውም መልስ ጠፋ። መምህር በርሄ እጃቸውን ከጀርባቸው አጣምረው ነበር። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከግድግዳው በኩል ሰው ሊናገር ሲል የሚስበው ዓይነት ትንፋሽ ሰማሁ። ወደ በሩ አየሁ። እመት ትርንጎ ፈታኙን አያዩም፤ ግድግዳውን ነበር የሚያዩት። ያን ፊት ሳይ ሴትዮዋ በሯን ለምን እንደማትዘጋ ገባኝ።

ተነሳሁና «ፔርኬ አስፔታ ኢል ፊሊዮ» አልኩ። ልጇን ስለምትጠብቅ።

ግን ዘግይቼ ነበር። ከእኔ ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ፣ የወንድ ድምፅ፣ ያንኑ ቃል እኩል ብሎታል።

ፈታኙ ቀና አለ። ዓይኑ ከእኔ ወደ ግድግዳው ሄደ። «ኪ?» አለ።

ያኔ ያ ፈሪው አያሌው ብድግ አለ። ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ደረቱን ነፍቶ «ፔርኬ አስፔታ ኢል ፊሊዮ» ብሎ ጮኸ። ከኋላ አንድ ሌላ ልጅ ተነሳ። ከዚያ ሁሉም። እንደ ዳዊት ንባብ እየደጋገምን፣ ቤቱ እስኪያስተጋባ ድረስ ያንኑ አልን። መምህር በርሄ ጎንበስ ብለው ለፈታኙ የሆነ ነገር ነገሩት፤ ልጆቹ በኅብረት መመለስ ለምደዋል፣ ቤቱም ድንጋይ ስለሆነ ድምፅ ይመልሳል እንዳሉት በኋላ ሰማን። ፈታኙ ጆሮውን ይዞ ሳቀና በእጁ አስቆመን። ስንቆም ግድግዳውም ዝም ብሏል። ሰውየው ወታደሮቹን አስከትሎ ሲወጣ እመት ትርንጎ መንገድ ለቀቁለት፤ ከዚያ መጥረጊያቸው ላይ ተደግፈው እዚያው ቁጭ አሉ።

ጣሊያን ጎንደርን የለቀቀው የእንግሊዝ አውሮፕላን ብዙ ቀን ከደበደበን በኋላ ነው። ተኩሱ ጸጥ ባለ ማግስት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። አባቴ ዶማ ይዞ ግድግዳው ፊት ቆሞ አገኘሁት። የእመት ትርንጎ የነፍስ አባት እንደሆነ፣ ሁሉንም ሲያውቅ እንደኖረ ያን ቀን ተረዳሁ። መምህር በርሄም ማንም ሳይጠራቸው መጡ። ኮታቸውን አውልቀው ዶማውን ከአባቴ ተቀበሉና የመጀመሪያውን ምት እሳቸው መቱ።

የወጣው ሰው የእመት ትርንጎ ልጅ፣ አያ ተሰማ ነው። ቆዳው የጧፍ ቀለም ይዟል፤ ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዷል። ብርሃኑን አልቻለውምና እናቱ በነጠላቸው ሸፈኑት። ግቢውን አቋርጦ መሄድ አቃተው፤ ግድግዳውን በእጁ እየዳበሰ በዙሪያው ነበር የሄደው። መምህር በርሄ ወደ አገራቸው ከመሄዳቸው በፊት መጥተው ቢሰናበቱትም ምን እንደተባባሉ ማንም አልሰማም።

አያ ተሰማ ከዚያ በኋላ ሰው አስተምሮ አያውቅም። ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ ጀርባውን ለድንጋዩ ሰጥቶ ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ከቅዳሴ ስወጣ ሰላም አልኩት። አየኝ፤ አላወቀኝም። ዓይኑን ጨፈነና እንደገና እንድናገር ጠየቀኝ። ተናገርኩ።

«አንቺ ከመመለስሽ በፊት የምትተነፍሺዋ ነሽ» አለኝ። ሁላችንንም በድምፅ ያውቀን ነበር፤ የአንዳችንንም መልክ አያውቅም።

ለምን ይመልስ እንደነበር፣ እንዴት እንዳልፈራ ጠየቅሁት።

«እናንተ ዝም ስትሉ» አለኝ፣ «ጥያቄው ለእኔ የመጣ ይመስለኝ ነበር።»

ዛሬ የልጅ ልጄ ቻይና አገር ተምራ እዚያው ሥራ ይዛለች። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለእንግሊዝኛ የንባብ ፈተና ታዘጋጃለች። ስልክ ስትደውል ስለ ተማሪዎቿ ታወራኛለች። ጎበዞች ናቸው፤ የማያውቁት ቃል የለም፤ ማንና የት ሲባሉ ቶሎ ይመልሳሉ። ለምን የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ያን ስትነግረኝ እኔ ጎንደር ተቀምጬ እጄ ይቀዘቅዛል። አንድ ጊዜ ማንም ሳይመልስ ሲቀር ምን እንደምታደርግ ጠየቅኋት።

«ምን አደርጋለሁ እማማ፣ እጠብቃቸዋለሁ እንጂ» አለችኝ። «አንዳንዴ ብዙ ደቂቃ ዝም ብለን እንቀመጣለን። እኔ ደግሞ ያንን ጊዜ እወደዋለሁ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያንን ክፍል በሐሳቤ ለማየት ሞከርኩ፤ ጭንቅላታቸውን ደፍተው የሚያስቡ ልጆች፣ ሳትቸኩል የምትጠብቅ አስተማሪ፣ ማንም ያልቆመበት በር። እንዲህ ያለ ዝምታ በእኛ ጊዜ አልነበረም።