የባላምባራስን አወዳደቅ ያሳየሁ ዕለት

የመስቀል ዕለት ከምሳ በኋላ ነው... ቢቸና፣ በጃንሆይ ጊዜ። ተከራይቼ በምኖርበት በባላምባራስ አለኸኝ ቤት ሰው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ ጨዋታ ሊጀመር ነው። እኔ ግን ላብ በላብ ሆኛለሁ!

እዚያ ቤት የመስቀል ምስጋና ዝም ብሎ አይነገርም። ውለታ የዋለላችሁን ሰው ተነስታችሁ፣ ድምፅ ሳታሰሙ ታስመስሉታላችሁ። ቤተሰቡ ማን እንደሆነ ሲያውቀው ያኔ ምስጋናው ይከተላል። አምና እንግዳ ነው ብለው ማሩኝ። ዘንድሮ «መምህር፣ ተነስ!» መጣ።

ጭንቀቴ ሌላ ነው። የባላምባራስን ልጅ ውድነሽን ወድጃታለሁ፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አባቷ ደግሞ እንኳን ልጃቸውን ሊሰጡኝ፣ ፈገግ ብለው አይተውኝም አያውቁ። ዛሬ ካስቀየምኳቸው አለቀልኝ።

ግን ከሳቸው በላይ ማንን ላመስግን? ከሞጣ ወደ ቢቸና ተዛውሬ ስመጣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ቢቀር፣ እኔን በቅሏቸው ላይ አውጥተው ራሳቸው በእግራቸው ነው ያመጡኝ።

ተነሳሁ። ጋቢዬን እንደሳቸው ጣል አደረግሁ፣ የሌለች በቅሎ ጎተትኩ፣ ዞሬ በዓይኔ ተቆጣሁ። «አባባ! አባባ ናቸው!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲሞቀኝ ጊዜ ምን ነካኝ... ጭቃው ላይ በጀርባቸው የወደቁትንም ጨመርኩበት!

ባለቤታቸው እትዬ የሺ ክው አሉ።

«ኧረ! የወደቁት እርስዎ ኖረዋል? መምህሩ ወድቆ ሳነሳው ነው ጋቢዬ የጨቀየው አላሉኝም?»

ጉድ ፈላ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ባላምባራስ ቀስ ብለው ተነሱ። «ተራው የኔ ነው» አሉ። መነጽሬን ከፊቴ ላይ አንስተው አጠለቁት። ከተማሪዎቼ ደብተር አንዱን ገልብጠው ያዙና በሩ ላይ ቁጭ አሉ። ዓይናቸው በደብተሩ አናት ላይ ወጪ ወራጇን ይከተላል... ገጽ ይገልጣሉ፣ አያነቡም። አንገታቸው እስኪጣመም!

«መምህሩ!» አለ ቤተሰቡ ባንድ አፍ። ውድነሽ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ወደ ጓዳ በረረች።

«በሉ፣ ለምኑ ነው የሚያመሰግኑት?» አሉ እትዬ የሺ፣ የሳቅ እንባቸውን እየጠረጉ።

«ዓመት ሙሉ በዓይኑ ብቻ ስለታገሠ ነዋ! አሁንማ አንገቱ ሳይሰበር ሽማግሌ ይላክ!»

እልል በሉ! በደስታ ሮጬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ቀና ስል... እትዬ የሺ ናቸው። ያለ መነጽር ምን ይታየኛል!

ጥር ላይ ተጋባን። አንድ ቀን ውድነሽን «ለመሆኑ እንደማይሽ ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«አይ አንተ! በቀን አራት ጊዜ በደጅህ ውሃ የምወርደው ማን ጠምቶት ነው?»