ሰላምታ የነፈግሁት ሰው

ነቀምቴ ውስጥ ሰዓት ሠሪ ብዙ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ያቃተው ሰዓት መጨረሻ የሚመጣው ግን እኔ ጋ ነው። ያስተማረኝ ሰው የለም። ፊደሉንም ሰዓቱንም ራሴን በራሴ አስተማርሁ።

ያልተማርሁት ሰላምታ ነው። በኛ አገር ሰላምታ አጭር አይደለም። «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርህ፣ ተብሎ ይጀመርና ልጁ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ ሳይጠየቅ አያልቅም። እኔ ደግሞ የሰው ዓይን ማየት ያቃጥለኛል፤ ጫጫታ ሲበዛ ጆሮዬን እይዛለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ አልፋለሁ። ዝም ብሎ ያለፈ ደግሞ እንደተጣላ ይቆጠራል። ሽማግሌዎች ስንት ጊዜ ቤቴ ድረስ መጥተው ካልተጣላሁት ሰው ሊያስታርቁኝ ተቀምጠዋል!

በደርግ ጊዜ ግን ዝም ብዬ ያለፍሁት የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ሆነ። ሽማግሌ አልላከም። ራሱ መጥቶ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ።

«እኔን የናቀ አብዮቱን ንቋል!»

«አልናቅሁም። አፈጣጠሬ ነው።»

«አፈጣጠር! እንግዲያው የሐኪም ወረቀት አምጣ። እስከ እሑዱ ስብሰባ ካላመጣህ ፀረ አብዮት ብዬ አስረክብሃለሁ።»

ከኋላው የቆሙት ሳቁለት። የእያንዳንዳቸውን ሳቅ እስከ ዛሬ ለይቼ አውቃለሁ።

በዚያ ዘመን እንዲያ ተብሎ የተወሰደ ሰው መመለሱ ያጠራጥር ነበር። ወደ ሆስፒታል ሮጥሁ። የካርድ ክፍሏ ሴት ቀና እንኳ ሳትል፣ «የአእምሮ ሐኪም ከአዲስ አበባ የሚመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ያኔ ና» አለችኝ። ያኔ የት እንደምሆን አልጠየቀችኝም።

ጎረቤቴን ጉራጌውን ባለሱቅ ግን ወሬ አያመልጠውም። «የአእምሮ ሐኪሙ እኮ አርጆ ከተማ ነው! ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ በጤና ጣቢያው ሕመምተኛ እያየ ነው። ነገ ይመለሳል። የቡና መኪና ሊነሣልህ ነው፣ ምን ትጎለታለህ?»

አርጆ ስደርስ ሰልፉ ከጤና ጣቢያው በር እስከ መንገዱ ተዘርግቷል። ያ ሁሉ ዓይን! የቆርቆሮውን ጣሪያ እያየሁ፣ ማንንም ሰላም ሳልል፣ ቀጥ ብዬ ወደ በሩ ሄድሁ።

«ይሄ ደግሞ ሰላም እንኳ አይልም እንዴ?» አሉ አንዲት አሮጊት።

«ዝም ይበሉ፣ አዴ! እንዲህ የሚያልፍ ካድሬ ነው። አሳልፉት!» አለ ከሰልፉ አንዱ።

ሰልፉ ለሁለት ተከፈለልኝ። እኔም አላረምኋቸውም።

ሐኪሙ ስለ ልጅነቴ፣ ስለ ጫጫታው፣ ስለ ሰዓቶቼ ረጅም ጊዜ ጠየቀኝ። «በሽታም ንቀትም የለብህም፤ አፈጣጠርህ እንዲህ ነው» አለኝና ይህንኑ ጽፎ ማኅተም መታበት። ዛሬ በሬዲዮ ኦቲዝም ሲሉት እሰማለሁ። እኔ ስሙ አገራችን ሳይደርስ አውቄዋለሁ።

እሑድ ወረቀቱን ለሊቀመንበሩ በስብሰባው ፊት ሰጠሁት። ለብቻው አንብቦ ሊያጥፈው ሲል ሕዝቡ «ይነበብ!» አለ። አነበበው። ላቡ አንገቱ ላይ ሲወርድ እያየሁ ጣፈጠኝ፤ ግን አልበቃኝም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከወንበሩ አወረዱት። ሲያስፈራራቸው የኖሩት ሁሉ መንገድ ይቀይሩበት ጀመር። አንድ ጠዋት ገበያ መሐል ከሁለት ሰዎች ጋር ሲሄድ አገኘኝና እጁን ዘረጋ።

«አካም ቡልታን፣ ኦቦ?» አለኝ በአንቱታ።

ያን ቀን ዓይኑ አላቃጠለኝም። እስኪበቃኝ አየሁት። መልሱም ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥ አድርጌው አለፍሁ። በዕድሜዬ አውቄ ሰላምታ የነፈግሁት ሰው እሱ ብቻ ነው።

ከኋላዬ አንዱ ጓደኛው ሲያጽናናው ሰማሁ፤ «ተወው፣ አይቀየሙትም። አፈጣጠሩ ነው፤ ወረቀቱን ያነበብህልን አንተው አይደለህም?»