ለእማማ የዘመርንላቸው ዕለት

ደርግ ያደረገልኝን አንድ ውለታ ልናገር፤ ዘማሪ አድርጎኛል። ከዚያ በፊት እኔ አፌን ስከፍት የሐዋሳ ሐይቅ ጉማሬዎች ዘመድ የመጣባቸው መስሏቸው ብቅ ይሉ ነበር። የመዘምራን መሪያችን ከኋላ ያቆመኝና፣ "አንተ ዝም ብለህ ቁም፣ ቁመትህ ይበቃናል" ይለኝ ነበር።

ጸሎት ቤታችን ሲታሸግ ሽማግሌዎቹ አምስት አምስት አድርገው ደለደሉን፤ በየቤቱ ተሰብስበን እንድንጸልይ፣ የታመመና የደከመ እንድንጠይቅ። ድምፅ ማሰማት ግን ክልክል። ጎረቤት ከሰማ ቀበሌ ይሰማል፣ ቀበሌ ከሰማ እስር ነው። ስለዚህ በከንፈር ብቻ መዘመር ጀመርን። መሪው በጣቱ ይመታል፣ እኛ አፋችንን እንከፍታለን፣ ድምፅ የለም። ዓይን ለዓይን እየተያየን እንባችን ይወርድ ነበር። በዚህ ዓይነቱ አዘማመር በአገሪቱ እኔን የሚያህል አልተገኘም!

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ታቦር ሰፈር ወደሚኖሩ አንዲት ባልቴት ተላክን። ጸሎት ቤቱ ክፍት ሳለ ከፊት ወንበር አይጠፉም ነበር። ከታሸገ ወዲህ ግን ማንም ደፍሮ አልጠየቃቸውም፤ ከጭቃ ግድግዳቸው ማዶ የሚኖረው የአብዮት ጥበቃ ነበርና። በዚህ መሀል ታመው አልጋ ያዙ፣ ዓይናቸውም ጠፋ። "ሳልሞት አንድ መዝሙር ልስማ" ብለው ላኩብን።

ተራ በተራ፣ በየአሥር ደቂቃው ገባን። እኔ ጎመን ሻጭ እንድመስል አንድ ጎመን ታቅፌያለሁ።

"እማማ፣ እንዴት ነዎት?" አልን በሹክሹክታ።

"መጣችሁ ልጆቼ? ስንት ናችሁ?"

"አምስት ነን።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። በሉ ዘምሩልኝ።"

ከግድግዳው ማዶ ሰውዬው ሲያስል ተሰማ። መሪው ጣቱን አነሳ፣ ዘመርን። እንዴት ያለ ዝማሬ መሰላችሁ! የአንገቴ ሥር ተገታተረ፣ ላቤ ተንጠፈጠፈ። ሦስቱንም አንቀጽ ጨርሰን መሪው ጣቱን ሲያወርድ፣ እማማ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው፣ "ሌላ ሰው እየጠበቃችሁ ነው እንዴ?" አሉ።

ተያየን። ዓይናቸው መጥፋቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዳችንም ግን አላሰብነውም።

"እማማ፣ ዘመርን እኮ" አላቸው መሪው ጠጋ ብሎ።

"መቼ?"

"አሁን። በከንፈር ነው፤ ማዶ ያለው ሰውዬ እንዳይሰማ።"

"እኔስ?"

ለቅሶ ቤት እንኳ ቀልድ የማላጣው እኔ፣ ቀልዱን ትቼ እጃቸውን ይዤ ከንፈሬ ላይ አደረግሁና እንደገና በዝምታ ጀመርኩላቸው። ትንሽ ዳሰሱኝና፣ "አንተ ልጅ፣ ምን ታኝካለህ?" አሉኝ። መሳቅም ማልቀስም አቃተን።

"ቀስ ብለን በሹክሹክታ እንሞክር" አለች አንዷ እህታችን። ሞከርን። የማዶው ሳል ጸጥ አለ። እኛም ጸጥ አልን።

እማማ ራሳቸው ጀመሩት። በሙሉ ድምፅ። የተሰነጠቀ ድምፅ ነው፣ ለእኔ ግን ከከተማው ውጭ ቡሹሎ ድረስ የሚሰማ መሰለኝ። መሪያችን አፋቸውን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበው። አንዱ ወንድማችን በሩ ጋ ሄዶ ቆመ፤ ሊጠብቅ ይሁን ሊያመልጥ እሱም አያውቀውም። ከማዶ ምንም አይሰማም፤ ከሳሉ ይልቅ ዝምታው ያስፈራ ነበር።

ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ቀጥሎ ምን ነበር ልጆቼ? ጠፋብኝ።"

አምስታችንም እናውቀዋለን። አሁን ዘምረነዋል። እማማ አንገታቸውን ቀና አድርገው ጠበቁን።

በመጨረሻ ተንበረከክሁና አፌን ጆሯቸው ላይ ገጥሜ መስመሩን ሹክ አልኳቸው። ዘመሩት። የሚቀጥለውንም አልኳቸው፣ ዘመሩት። እንዲህ እያልን ዘለቅነው፤ እሳቸው ጮክ ብለው፣ እኔ ከጆሯቸው ሥር፣ ከዚያች ሹክሹክታ ከፍ የሚል አንዲት ድምፅ እንድትወጣልኝ ጉሮሮዬን እየለመንሁት፣ እምቢ እያለኝ።