«ምቱ የዘፈን ነው»

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ ነው። እስካሁን ሳስበው ልቤ ድው ድው ይላል፤ ለሰው ሳወራውም ተቀምጬ መጨረስ አልችልም።

ቡራዩ ውስጥ ባለች ትንሽ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ እጫወታለሁ። ያኔ በኦሮምኛ አዲስ መዝሙር ሠርተን ነበር። ምቱን የወሰድኩት ከሠፈራችን ሠርግ ነው፤ ገና ሲጀመር ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሣ ዓይነት። ልምምድ ላይ መዘምራኑ በደስታ አበዱ።

ኦቦ ገመቹ ግን ሰሙት። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ የሚፈሩም የሚወደዱም። ግጥሙ የጌታ ቢሆንም ምቱ የዘፈን ነው ብለው መዝሙሩ እንዲቀር፣ እኔም ለጊዜው ከአገልግሎት እንድታገድ ሐሳብ አቀረቡ። ሽማግሌዎቹ ከመወሰናቸው በፊት አስጠሩኝና እፊታቸው እንድጫወተው ጠየቁኝ።

ኪቦርዱን ከፍቼ ጀመርኩ። ኦቦ ገመቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ድንገት እግራቸው ከምቱ ጋር ወለሉን ሲመታ አየሁ። ወዲያው ሰብሰብ አደረጉት።

ስጨርስ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በዚህ ምት ስንት ሠርግ ላይ ሰክሬ ጨፍሬያለሁ። እንደዚያ ሆኜ ስገባ ቤቴ ውስጥ የሚሆነውን ልጆቼ ያውቃሉ። ጌታን ሳገኝ መጠጡንም ጭፈራውንም አብሬ ጣልኩ። አሁን ስሰማው ያ ሁሉ ይመጣብኛል። አንቺስ ስትጫወቺው ምን ይታይሻል?»

«ሙሽራ የምንቀበል ነው የሚመስለኝ፣ ኦቦ» አልኳቸው።

ከዚያ ወደ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ዞሩ።

«ይዘመር። ትዝታው የእኔ ነው፤ ልጅቷ ላይ አልጭነውም።»

እሳቸው ግን መዝሙሩ እስኪያልቅ ውጪ እንደሚቆሙ ተናገሩ።

እሑድ ስንጀምረው አዳራሹ ብድግ አለ! በእልልታውና በጭብጨባው ቆርቆሮው የሚነሣ መሰለኝ። የእኔ ዓይን ግን በሩ ላይ ነበር። አዝማቹን ስንደግም ኦቦ ገመቹ ገቡ። በሰው መሃል አልፈው መድረኩ ሥር ቆሙና እንባቸው እየወረደ መዘመር ጀመሩ፤ ጮክ ብለው፣ ግን ከእኛ በጣም ዝግ ብለው። መዘምራኑ ግራ ገብቷቸው አዩኝ። እኔም ምቱን ወደ እሳቸው ፍጥነት አወረድኩት። ጉባኤው በሙሉ ተከተላቸው።

ኦቦ ገመቹ ዛሬም አንዳንድ መዝሙሮቼን ዘፈን ይሏቸዋል፤ እንከራከራለን። ያን መዝሙር ግን ሁሌም በእሳቸው ፍጥነት ነው የምንዘምረው። ወጣቶቹ ፈጠን አድርጊው ይሉኛል። እኔ የዚያን ቀን ደስታ ስለማውቀው፣ ስቄ ዝግ እንዳልኩ እቀጥላለሁ።