ከፊት ያለው ትከሻ

በሕይወቴ ያገባሁት ጎል አንድ ነው። እሱንም ቢሆን እኔ ኳሷን መታኋት ከማለት እሷ መታችኝ ማለት ይቀላል። ተከላካይ ነኝ፤ ሥራዬ ሌላው እንዳያገባ መከልከል ነው፤ በዚያም እምብዛም አልተመሰገንኩም።

በሰፈራችን ቡድን ጎል የሚያገባው ታላቅ ወንድሜ ነበር። ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነበር። እንግዶቹን በአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል ባለው ጨለማ ዋሻ ሲያሳልፍ ባትሪ ያስጠፋቸዋል። ቀኝ እጅ ግድግዳው ላይ፣ ግራ እጅ ከፊት ያለው ሰው ትከሻ ላይ። እሱ ከፊት ሆኖ እየመራ ወደ ብርሃን ያወጣቸዋል። ጎል ሲያገባ ደግሞ ይህንኑ ሜዳ ላይ ያመጣዋል። በቴሌቪዥን የምናያቸው ተጫዋቾች ማዕዘን ሄደው ይጨፍራሉ፣ በጉልበታቸው ይንሸራተታሉ፣ ሚስቱ ያረገዘችበት ኳሷን ማሊያው ውስጥ ከትቶ ሆዱን ይነፋል። የእኛዎቹ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ ጎንበስ ብለው ከወንድሜ ኋላ ይሰለፋሉ። እሱ «ጭንቅላት ዝቅ!» እያለ በሌለ ዋሻ ውስጥ ያዞራቸዋል። ተመልካቹ በሳቅ ይፈርሳል፤ ዳኛው ጊዜ አባከንክ ብሎ ቢጫ ያሳየዋል። የእኔ ቦታ ሁልጊዜ ሁለተኛ፣ ከእሱ ቀጥሎ ነበር። የትከሻውን ላብ እጄ ዛሬም ያውቀዋል።

እንግዳ ሲጠፋ ሥራም ጠፋ። ወንድሜ ዓረብ አገር እሄዳለሁ ብሎ ተነሣ። ከባሕሩ ዳር ደውሎ «ማዶ ስሻገር እደውላለሁ» አለ። ይኸው ሁለት ዓመት አለፈው፤ አልደወለም። ስልኩን አሁንም እሞክረዋለሁ። ጥሪ አይቀበልም የምትለዋን ሴት በጣም ነው የጠላኋት።

እናቴ ኳስ አትወድም ነበር። ጎረምሳ ተሰብስቦ የሚጮህበት ነገር ሁሉ አይጥማትም። አንድ ቀን ግን እኔው፣ ላጽናናት ብዬ፣ የእንግሊዝ ጨዋታ ዓረብ አገርም እንደሚታይ ነገርኳት።

«እኛ ስናይ እነሱም?»

«አዎ፣ በዚያው ደቂቃ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነጠላዋን አጣፍታ ከእኔ ጋር ኳስ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ ቀርታ አታውቅም። ባለቤቱ ከፊት ወንበር ይለቅላታል። ማን ከማን እንደሚጫወት አትጠይቅም። ጎል ገብቶ ቤቱ ሲናወጥ ጠጋ ትልና «ይህንንም አየው ይሆን?» ትለኛለች። አይቶታል እላታለሁ። ምን ልበላት?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አንዱ አጥቂ አገባና ወደ ተጠባባቂዎቹ ሮጠ። የሌላ ተጫዋች ማሊያ አቀበሉት፤ በሁለት እጁ ዘርግቶ ወደ ካሜራው ከፍ አደረገው። ጓደኞቹ ከበቡት። ኳስ ቤቱ ውስጥ ደጋፊው ያፏጫል፣ ጠረጴዛ ይደበድባል። እናቴ ብድግ አለችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ማልቀስ ጀመረች።

«ወይኔ፣ የማነው ልጅ? እናቱ ሰምታለች?»

በእኛ አገር የሰው ልብስ ባለቤቱ በሌለበት ከፍ ተደርጎ የሚታየው ለቅሶ ላይ ነው። የሟች ልብስ ነው። የኳስ ቤቱ ባለቤት ቶሎ ደረሰላት። «እማማ፣ ማንም አልሞተም። እግሩ ተሰብሮ የተኛ ጓደኛቸው ነው፤ አይዞህ እያሉት ነው» አላት።

ከኋላ ያሉት ሳቁ።

«በሕይወት ያለን ሰው?» አለች እናቴ። «በሕይወት ያለን ሰው እንዲህ ያደርጉታል?»

ሳቁ ቆመ። ቤቱ ውስጥ ወንድሜን የማያውቅ አልነበረም።

ከሙጃ ከተማ ቡድን ጋር ልንጫወት ሳምንት ሲቀረን የቡድናችን ልጆች ያንኑ ሐሳብ ይዘው መጡ። ካገባን የወንድሜን ማሊያ ከፍ እናድርግ፤ ሰው በስልኩ ይቀርጸዋል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፣ ምናልባት ያለበት ይደርሰዋል። ደስ አለኝ። ማሊያውን ከሳጥን ሳወጣ ግን እናቴ አየችኝ።

«መልሰው።»

«እማዬ፣ ለሰላምታ እኮ ነው።»

«እኔ እንዲህ ያለ ሰላምታ አላውቅም። የልጄ ልብስ ሰው ፊት ከተያዘ ተለቀሰለት ማለት ነው። በቁሙ አላስለቅስበትም።»

አጥፌ መለስኩት። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር። አንዴ አልቅሳ እርሟን ባወጣች ብዬ ያሰብኩበት ቀን ነበር፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ያንን የተመኘሁት ለራሴ ይሁን ለእሷ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

በጨዋታው ቀን ኮርና ሲመታ ለምን ወደፊት እንደወጣሁ እንጃ። ኳሷ ግንባሬን መታችኝና ገባች። ልጆቹ እየጮኹ መጡ፤ አቀፉኝ። ከዚያ ከኋላዬ ተሰለፉ፣ ትከሻዬን ያዙ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምራን ማለታቸው ነው።

መምራት አልቻልኩም። የእኔ ቦታ ሁለተኛ ነው። ከፊቴ አንድ ሰው የሚያቆም ቦታ ትቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ግራ እጄን ዘረጋሁና ማንም በሌለበት አሳረፍኩት። እንደዚያው ሄድን። ተመልካቹ መጀመሪያ ሳቀ፤ በኋላ ግን ነገሩ ገባው። ጭንቅላት ዝቅ የሚለን አልነበረም። እንደዚያች ቅጽበት ወንድሜ ናፍቆኝ አያውቅም። ዓይኔን ስገልጥ ዳኛው እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ቆሟል፤ ቢጫውን አላወጣውም።

እናቴ ከሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አይታለች። ወደ ቤት ስንወጣ ዳገቱን ሙሉ ከፊቴ ቀድማ ሄደች፤ ተቆጥታለች ብዬ ደነገጥኩ። በራችን ላይ ስንደርስ ቆመች።

«ከፊት የነበረው እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

ግራ እጄን ያዘችና ሜዳው ላይ እንደዘረጋሁት ዘረጋችው። ከዚያ በመዳፏ ደግፋ ጥቂት ከፍ አደረገችው።

«ዝቅ አድርገህ ነው የያዝከው» አለችኝ። «ልጄ ከዚህ ይረዝማል።»